የብልት ሄርፒስና የወሊድ ዕቅድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በሚሰጠው የቅድመ ወሊድ ክትትል የብልት ሄርፒስ (በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ ብልት ላይ ቁስል የሚያወጣ የቫይረስ በሽታ) እንደ ኤችአይቪና እንደ ቂጥኝ በግልጽ እንዲነሳ ለመጠየቅ እጽፋለሁ።

ሄርፒስ ያለባት እናት ሁሉ በቀዶ ሕክምና መውለድ አለባት የሚለው ፍርሃት ትክክል አይደለም። ቫይረሱ ከእርግዝና በፊት የነበረባት ሴት ያዳበረችው የመከላከያ አቅም ወደ ጽንሱም ስለሚያልፍ፣ ምጥ ሲጀምራት ቁስል ወይም ቁስል ሊወጣ ሲል የሚሰማው የማቃጠል ስሜት ከሌለባት በምጥ መውለድ ትችላለች። ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው የሄርፒስ መድኃኒት አሲክሎቪርም ቁስሉ በወሊድ ሰዓት እንዳያገረሽ ይረዳል። ቁስሉ ከታየ ግን ቀዶ ሕክምናው ሊዘገይ አይገባም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትያዘው እናት ናት። ሰውነቷ መከላከያውን ሳያዘጋጅ ስለምትወልድ ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ የመተላለፍ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፤ በሽታው ደግሞ የአራሱን አንጎል ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ሄርፒስ አለብህ ወይ የሚለው ጥያቄ ለባልም መቅረብ አለበት፤ የእሱ ዝምታ የሚጎዳው ልጁን ነው። በሄርፒስ ቫይረስ የሚመጣው፣ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል ያለበት ሰውም አራስ መሳም የለበትም።

ጤና ጣቢያዎች ከ36ኛው ሳምንት በፊት ሁለቱንም ወገን ጠይቀው መልሱን ምስጢሩ ተጠብቆ በክትትል ካርዱ ላይ ይመዝግቡ። እንደ ደቅ ካሉ ደሴቶች በጀልባ የሚመጡ፣ ሄርፒስ ያለባቸው እናቶችም ምጥ ሳይጀምራቸው ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ቀርበው በእናቶች ማቆያ ይቆዩ።

አንባቢ፣ ከባሕር ዳር