ለአባዬ፣ ደጀን

ይድረስ ለአባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጄ በቁመት በልጦኛል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «አያቴ ይስቅብኛል» ብላ ፎቶ አልነሳም ብላለች።

ባለፈው ከምርመራ በኋላ ደጀን አድርሼህ ስመለስ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሆኜ አሮጌውን አየሁት። መቼም አንተ አዲሱን አትወደውም። ጃፓኖች ሠርተው ሲመረቅ «303 ሜትር፣ ያውም በገመድ ተይዞ!» ብለህ አሹፈህበታል። ያንተው፣ ዘብ ሆነህ የጠበቅከው፣ በጃንሆይ ዘመን የተሠራው ኮንክሪት ነው፤ ሸክሙን በቅስቱ ወደ እግሮቹ የሚያወርደው። የጎጃምን እህል የጫነ ስንት ተሳቢ እንዳሳለፈ ስታወራ ዓይንህ ይበራል። በእኛ በልጆችህ እንኳ እንዲህ ስትኮራ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አክስቴ ጋ ሆኜ እንድማር ወደ አዲስ አበባ የላካችሁኝ ቀን አውቶቡሱ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። መሣሪያህን አንግተህ ገባህ። በበረሃው ሙቀት ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቋል። አንድ ሰውዬ ካሜራ አውጥቶ ኖሮ «ድልድዩን ማንሳት ክልክል ነው» ብለህ አስከተትከው። ከዚያ እኔ ጋ ደረስክ። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ከመስኮት አስገቢ!»

አንቺ ልጅ? ስሜ ጠፋህ?

አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ «ታውቂዋለሽ እንዴ?» ስትለኝ «አላውቀውም» አልኳት። ጎሃ ጽዮን እስክንደርስ ዳገቱን ሙሉ አለቀስኩ። እማዬ ነፍሷን ይማርና «አለቃው ቆሞ ነበር» ብላኛለች። ይሁን። አንተ ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልክም።

በዚያች ደመወዝ ደብተርም ጫማም አጥቼ አላውቅም። እድሜ ይስጥህ።

የናሙናው ውጤት መጥቷል። ሐኪሙ አንተው ባለህበት ላስረዳ ብሏል። ስልክ ላይ «ምን አሉ?» ባልክ ቁጥር ልጆቹን የማቀብልህ ለዚህ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ መጥቶ ይወስድሃል። መንገዱ ተሰነጣጥቋል ብለህ ሰበብ አታብዛ፤ ቀስ ብሎ ይነዳል። የግፊት መድኃኒትህን ቁርስ በልተህ ዋጥ። የሐኪም ወረቀቶችህን በሙሉ ያዝ። ጋቢህንና ቅያሪ ልብስ ጨምር፣ በዛ አድርገህ። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ስጥ። «ነገ ተነገ ወዲያ እመለሳለሁ» ብለህ ግን አትንገራቸው።

ልጅህ