ለአባዬ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት

አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ሳቅህ አይደል? ከአሰብ ስትጽፍልን ሁሌ እንዲህ ነበር የምትጀምረው። ናፍቆቱን እንኳ ዋሸሁ፣ እሁድ ዕለት አብረን ነው ምሳ የበላነው። ከቂርቆስ ቸርቸል ጎዳና ምን ርቀት አለና ነው ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ትል ይሆናል። ፊት ለፊት ሳወራህ ግን ወሬ ታስቀይረኛለህ። ወይ ቡና ይፍላ ትላለህ፣ ወይ የጉልበትህን መድኃኒት መፈለግ ትጀምራለህ። ስለዚህ ከዋናው ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ካፌ ተቀምጬ፣ ማኪያቶ አዝዤ እየጻፍኩልህ ነው። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እጃችንን ይዛ የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን ልታይ የምትመጣው እዚሁ ነበር። ያንተ ደብዳቤ ካለ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጥተን ኬክ እንበላለን። ከሌለ ቁልቁል ወደ ለገሃር፣ ከዚያ ቤት።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ባለፈው ወር ቆርቆሮው ሲቀየር የጓዳውን ካርቶን ሳወርድ የነዳጅ ዲፖ ደብተሮችህን አገኘኋቸው። ሳትፈቅድልኝ አነበብኳቸው። ጠረናቸው እስካሁን አልለቀቃቸውም፣ ናፍጣና ሲጋራ። ሲጋራው የማን እንደሆነ አልጠይቅም፣ ዲፖ ውስጥ ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው ያልከኝ ግን አንተው ነህ። በየገጹ የቦቴው ታርጋ፣ የገባበት ሰዓት፣ የመለኪያ ዘንጉ ንባብ፣ ሙቀቱ፣ ውሃ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ያቺ እጥር ምጥን ያለች ጽሕፈትህ።

አንድ ቀን ይዘኸኝ ሄደህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ቦቴው ላይ ወጥተህ ክዳኑን ከፈትክ። ሾፌሩ እየተቁነጠነጠ አንተ ግን ዝም ብለህ ጠበቅህ፣ ነዳጁ መወዛወዙን እስኪተው። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ ያንን ቀለም ቀብተህ ቀስ አድርገህ አወረድከው። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ነው የሚተኛው፣ ውሃ ካለ ቀለሙ ይቀላል አልከኝ። ስታወጣው ደግሞ ዓይንህን ሳትነቅል ፈጥነህ አነበብከው፣ ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን መስመሩ ይጠፋል። አልቀላም። ለሾፌሩ ራስህን ነቅነቅ አደረግክለትና እሱም ሳቀ። እኔ ያኔ ትልቅ ሥራ አልመሰለኝም ነበር፣ እንጨት ነክሮ ማውጣት።

አሁን ወደ 1985ቱ ደብተር ልምጣ። «ከአሰብ፣ ቤንዚን 30,000 ሊትር፣ ጉድለት 450፣ የሙቀት ልዩነት 15 ዲግሪ።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ሒሳቡን እኔም ሠራሁት። ቤንዚን በየአንድ ዲግሪው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝም እንደዚያው ይሸማቀቃል። አሰብ ላይ በዚያ ሐሩር ተሞልቶ፣ በሚሌ በአዋሽ አድርጎ፣ እዚህ ደጋው ላይ ሲደርስ 450 ሊትር ቢያንስ ማንም አልሰረቀውም። ከሁለት በርሜል በላይ ነው ግን፣ ዓይን ይገባል። አዲሱ አለቃህ ሊትር ሊትር ነው፣ ሙቀት አላውቅም ብሎ ተረክበህ የፈረምከው አንተ ነህ አለህ። ሾፌሩ ላይ አሳበህ መውጣት ትችል ነበር። ሰውየው ይታሰራል ብለህ እምቢ አልክ፣ ይህን ደግሞ እማዬ ናት የነገረችኝ። ከደመወዝህ ለ7 ወር ተቆረጠ።

ያ ዓመት እኮ እኔ ሚኒስትሪ ያለፍኩበት ነው! ካለፍክ ሳይክል ብለኸኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አኮረፍኩህ፣ እንዲያውም ከአንተ ጋር ላለመብላት አሞኛል እያልኩ እተኛ ነበር። አንተም አንዲት ቃል አልተነፈስክም። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን «ሳይክል፣ ጥቅምት» የሚል አለ። ተሰርዟል። ከታቹ «ጥር»። እሱም ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ ወር የለውም።

ምነው ያኔ ብትነግረኝ? ለነገሩ ብትነግረኝም የ14 ዓመት ልጅ ስለ ሙቀት ምን ይገባዋል። ትምህርት ቤት በር ላይ እንዳታወርደኝ ስለምንህ የነበርኩ ልጅ ነኝ፣ ካኪህ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል ብዬ። አንተም ሳትከፋ ጥግ ላይ ታወርደኝ ነበር። ማታ ስትገባ እጅህን በኦሞ ፈትገህ ፈትገህ ነው እንጀራውን የምትቆርሰው፣ እንዲያም ሆኖ የጥፍርህ ዙሪያ ጥቁር ነበር። 2007 ጡረታ ስትወጣ ነው የለቀቀህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው። መኪና ገዛሁ። ኤሌክትሪክ ነው። በነዳጅ እንጀራ አድጌ እንዲህ ማድረጌ ለእኔም ይገርመኛል። ግን ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን መዋል ሰለቸኝ፣ ደግሞም ከ2016 ወዲህ የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ዜናውን ስትሰማ «ታዲያ ማደያዎቹ ምን ሊሸጡ ነው፣ ውሃ?» ብለህ የተቆጣኸውን አልረሳሁም። ለዚያ ነው ሁለት ሳምንት ሙሉ እናንተ ጋ ስመጣ ጥግ ላይ አቁሜ በእግሬ የምገባው። ባለሱቁ ያውቃል፣ እንዳይነግርህ ለምኜዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት እመጣለሁ፣ በሩ ላይ ነው የማቆመው። አንተ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ። በቸርቸል ሽቅብ እንወጣለን። ፒያሳ የምታውቃት ፒያሳ አይደለችም፣ ኬክ ግን አይጠፋም። ድምፅ የለውምና ሞተሩን አስነሳ እያልክ እንዳታስጨንቀኝ፣ ተነስቷል ማለት ነው። ያችን የሮቶውን ውሃ የምትለካባትን ዘንግህንም ቤት ተዋት፣ የምትገባበት ቀዳዳ የለውም።

ልጅህ