ከዲግሪው በፊት የመርከብ ላይ ቦታ

ክቡር አዘጋጅ፦

የባሕር ትምህርት ተቋማት የዲግሪ መርሐ ግብር ሲከፍቱ፣ ውድ ሲሙሌተርም (የመርከብ ጉዞን የሚያስመስል የማሠልጠኛ መሣሪያ) ሲተክሉ ማየት ደስ ይላል። እጥረቱ ያለው መርከብ ላይ በሚገኘው የልምምድ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የጸደቀው የመርከበኞች ሥልጠና ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ እውቅና ባለው ሥልጠና ያለፈ፣ የመርከቡን ጉዞ የሚመራ መኮንን እጩ እንኳ ቢያንስ 12 ወር ባሕር ላይ እንዲያገለግል ይጠይቃል። ይህን ያላሟላ ተመራቂ ዲግሪውን ታቅፎ ወደብ ላይ ይቀራል።

ሲሙሌተር በጭጋግ ውስጥ ራዳር ማንበብን ያስተምራል፤ ስሕተቱም በአንድ ቁልፍ ይሰረዛል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተቀስቅሶ፣ መርከቡ እየተናጠ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ተረኛ ሆኖ መቆምን ግን ከየት ያመጣዋል? አሁን ደግሞ አሞኒያ የመርከብ ነዳጅ ሊሆን እየተሞከረ ነው፤ መርዛማ ነገር በሥዕል ብቻ አይለመድም።

ተቋማቱ ተማሪ ከመመዝገባቸው በፊት ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር የልምምድ ቦታ ይዋዋሉ። የቦታውንም ብዛት በማስታወቂያቸው ላይ ከክፍያው ጎን ያስፍሩት።

አንድ አንባቢ