እማዬ፣ ወደ ጥብቅናው አልመለስም

ውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ያን ሁሉ ዓመት ሕግ ተምረሽ፣ አትዘፍኚ፣ አትተውኚ፣ ቲያትር ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አልሽኝ። በስልክ አፌ ተሳሰረ። ልጻፍልሽ። ሥራዬ ፕሮዲውሰርነት ነው፤ ትርኢቱን ከጀርባ ሆኖ የሚያሰናዳው ሰው ማለት ነው።

ዊትኒ ሂዩስተንን ትወጃት የለ? በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሲንደሬላን በዘፈን ለቴሌቪዥን ሠርተዋት ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ሲንደሬላን ራሷ ዊትኒ እንድትሆን ነው። ነገሩ ግን ለዓመታት ተጓተተ፤ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ተዛወረ። በመጨረሻ ሲንደሬላ ወጣቷ ብራንዲ ሆነች፤ ዊትኒ ደግሞ የምትረዳትን ተአምረኛ ሴት ሆና ተጫወተች። ንግሥቲቱ ጥቁር፣ ንጉሡ ነጭ፣ ልጃቸው ልዑሉ ፊሊፒናዊ! ፊልሙ ውስጥ ማንም «ይሄ እንዴት ሆነ?» አይልም። ያቺን ጥቁር ሲንደሬላ 60 ሚሊዮን ያህል ሰው አያት። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ያን ሁሉ ዓመት ነገሩ ተዳፍኖ እንዳይቀር የታገሉት ፕሮዲውሰሮቹ ናቸው። ዊትኒ ራሷ አንዷ ነበረች። ክሬግ ዛዳንና ኒል ሜሮንም ነበሩበት፤ እነሱ በኋላ «ቺካጎ» በሚባለው የዘፈን ፊልም ላይም ሠርተዋል። «ቺካጎ» መጀመሪያ ቲያትር ሆኖ መድረክ ላይ የወጣው በ1975፣ ፊልም የሆነው በ2002 ነው። ስድስት ኦስካር ወሰደ። የዚህ ሥራ ትዕግሥት እንዲህ ነው።

ከሁሉም ግን ዴብራ ማርቲን ቼዝን ልብ በይልኝ። ሀርቫርድ ሕግ ተምራ ጠበቃ የነበረች ጥቁር ሴት ናት። ጥብቅናውን ትታ ወደ ፊልም ገባች፤ የዊትኒን የፊልም ድርጅት መራች፤ ሲንደሬላንም አብራ ሠራች። በ2019 ደግሞ ባሪያዎችን ነፃ ያወጣችውን የሃሪየት ተብማንን ታሪክ ለፊልም አበቃች።

የእኔም ሕግ መሬት አልወደቀም። አንድ ዘፈን መድረክ ላይ ለማስዘፈን መጀመሪያ የመብቱን ባለቤት ፈልጎ ማስፈረም አለ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ዋናዋ ዘፋኝ ድምጿ ተዘጋ። ተተኪዋን ከሥራ ቦታዋ አስጠራሁ። ቀሚሱ ጠበባት። ልብስ ሰፊዋ ጎን ጎኑን ተርትራ ስታሰፋ፣ እኔ ኮሪደር ላይ የሙዚቀኞቹን ክፍያ እጨርስ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት መጋረጃው ተከፈተ።

እማዬ፣ በእህቴ ሠርግ አንቺ አልዘፈንሽም፣ አልጨፈርሽም። ድንኳኑን፣ ወጡን፣ የእንግዳውን መቀመጫ ግን ማን አሰናዳ? ሥራዬ እሱ ነው።

ገንዘቡ እንደ ጥብቅናው አይደለም፤ አልዋሽሽም። ትርኢት ይከስራል፤ የሰው ብር ይዘሽ እንቅልፍ ታጫለሽ። ቢሆንም ጠዋት ተነስቼ ወደ ሥራ የምሄደው ደስ እያለኝ ነው።

የመድኃኒትሽን ብር ሰኞ እልካለሁ። ለእህቴም የሲንደሬላን ፊልም ልኬላታለሁ፣ ትክፈትልሽ። አይተሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ፤ ዊትኒን እንዴት እንዳገኘሻት መስማት እፈልጋለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ