«ማን አይቶ?» ያለው ክበብ
የጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ጎንደር ያለው የትምህርት ቤታችን ክበብ መፈክሩን ቀነስ አድርጎ ምርምር ማንበብ ጀምሯል። ያነበብነው ኤች አይ ቪን ስለመከላከል አፍሪካ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን ነው። በተለይ በተማሪዎቼ እድሜ ያሉ ወጣቶች የተሳተፉባቸውን መረጥን። ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እኔ ዋና ዋናውን በአማርኛ አሳጥሬ አመጣለሁ፤ ረቡዕ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ክብ ሠርተን እንነጋገርበታለን።

እኛ ተማሪ ሳለን የጸረ ኤድስ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት አልነበረም። ድራማው፣ ግጥሙ፣ ቀይ ሪባኑ የየሳምንቱ ነገር ነበር። በየሰፈሩ ለቅሶም ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሞቱ ቀነሰ፤ ተመስገን ነው። ግን ወሬውም አብሮ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች መካከል ስለ ኤች አይ ቪ በቂ እውቀት የነበራቸው ከሴቶቹ 24 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 39 ከመቶ ብቻ ናቸው። ቫይረሱ ሳይጠፋ ዝም ብለናል። ይህ ያሳስበኛል።

መነሻችን የጥያቄ ሣጥኑ ነው። ስም አይጻፍበትም። ከመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አያስተላልፍም ይባላል። ማን አይቶ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። «አዎ፣ እውነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ልጁ የጠየቀው እንዴት እንደታወቀ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታወቀውን ጥናት ይዤ ገባሁ። ጥናቱ በ9 አገሮች የተካሄደ ሲሆን፣ ቦትስዋና፣ ኬንያ፣ ማላዊ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ አሉበት። 1,763 ጥንዶች ተሳትፈዋል። ከሁለቱ አንዱ ቫይረሱ አለበት፣ ሌላው የለበትም። ቫይረሱ ካለባቸው ግማሾቹ መድኃኒቱን ወዲያው ጀመሩ፤ የቀሩት በጊዜው በነበረው አሠራር የመከላከል አቅማቸው እስኪቀንስ ቆዩ። ከትዳር ጓደኛ ወይም ከፍቅረኛ መተላለፉ በቫይረሱ ዘር ምርመራ የተረጋገጠው 28 ጊዜ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 27ቱ መድኃኒቱን ካዘገዩት ወገን ሆኑ። የሒሳብ መምህራችን ረድተውን ተማሪዎቹ ስሌቱን በየደብተራቸው ሠሩት። 96 ከመቶ ቅናሽ! በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በደም ምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ አረጋግጠዋል። የጠየቀው ልጅ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም ሁን፣ ዓመቱን ሙሉ የመራኸን አንተ ነህ።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ግን ያልተሳካ ጥናት ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ5,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ነበር። ቫይረሱ የሌለባት ሴት አስቀድማ በየቀኑ ክኒን ወይም ጄል ብትጠቀም ትድናለች ወይ? ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲነገር መልሱ አላዳነም የሚል ሆነ። ሴቶቹ ሲጠየቁ «እየወሰድን ነው» ይሉ ነበር። ደማቸው ሲመረመር ግን መድኃኒቱ የተገኘው ከሲሶ ባነሰው ናሙና ውስጥ ነው። ክኒኑ ግን በኬንያና በኡጋንዳ ጥንዶች ላይ ተሞክሮ በደንብ ሠርቷል።

ታዲያ ለምን አልወሰዱትም? መልሱን ከመንገሬ በፊት ተማሪዎቹን ጠየቅኋቸው። አንድ ወንድ ተማሪ «አልፈልግም ማለት ስትችል ለምን ተመዘገበች?» አለ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ መለሰችለት፦ «ክኒኑን የት ትደብቀዋለች? እናቷ ብታገኘው ኤድስ አለባት ነው የምትለው። ራሷን እየጠበቀች ነው የሚላት ማን አለ?» ሌላዋ ቀጠለች፦ «እጮኛዋ ቢያየውስ? ከማን ጋር ሄደሽ ነው አይላትም?» ተመራማሪዎቹ ሴቶቹን ቁጭ ብለው ሲያናግሩ ያገኙት ይህንኑ ነው። መገለል፣ የወንዱን ቁጣ መፍራት፣ መድኃኒቱ ራሱ ያሳምመኛል የሚል ሥጋት። ልጆቼ ወረቀቱን ሳያዩ ደረሱበት። ሴት ልጅ የምትኖርበትን ቤት የማያውቅ መድኃኒት ውጤት አያመጣም። በዚያ ረቡዕ ደወል ተደውሎ እንኳ የተነሣ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ወደ መርፌው መጣን። ሳይንቲስቶች በየቀኑ መዋጥ የማያስፈልገውን ነገር መፈለግ ያዙ። መጀመሪያ በሁለት ወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ተሞከረ። ቀጥሎ ሌናካፓቪር የሚባለው በስድስት ወር አንዴ የሚወጋ መድኃኒት መጣ። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ እድሜያቸው ከ16 እስከ 25 በሆኑ ሴቶች ላይ ተሠርቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች ውስጥ በቫይረሱ የተያዘች አንድም የለችም። የተለመደውን ዕለታዊ ክኒን ከተሰጣቸው 1,068 ሴቶች 16ቱ ተይዘዋል። ዜሮውን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ክፍሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ለእነዚያ ሴቶችም ይገባል። የ16 ዓመት ልጆች ጭምር፣ በእኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች እድሜ ያሉ፣ ለመላው ዓለም መልስ የሚሆን ነገር በገላቸው ፈትነዋል።

አንዲት ተማሪ «ምንም መድኃኒት ያልተሰጣቸው ሴቶች ቡድን ለምን የለም?» ብላ ጠየቀች። የሚገባ ጥያቄ ነው። የሚያድን መድኃኒት እያለ ለማወዳደር ሲባል ሰውን ያለ መከላከያ መተው ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለማወዳደሪያ ከወሰዱት አንዱ፣ ለመሳተፍ መጥተው ሲመረመሩ በቅርቡ መያዛቸው የታወቀ ሴቶችን ቁጥር ነው። ይህን ስንነጋገር ከዳባት የመጣ ልጅ እጁን አወጣ። «እኛም ቤት እየመጡ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ ብለው ይመዘግባሉ» አለ። እውነቱን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ጤና መከታተያ ጣቢያ አለው። ልጁ የራሱ ቤተሰብም የምርምር አካል መሆኑን ያን ቀን ልብ አለ።

የጤና ምርምር በጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ በ1947 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ ወባ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች) የሠለጠኑት እዚህ፣ ከሕዝቡ መሃል ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር በተያያዘም ጎንደር የራሷ ድርሻ አላት። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ካላዛር የሚባለው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ይይዛቸዋል፤ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ሲይዘው ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል። ለእነዚህ ሕሙማን ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠት እንደሚሻል ያሳየው ጥናት የተሠራው በጎንደርና በአብደራፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያም በእሱ ላይ ተመሥርቷል። ይህን የማያውቅ የጎንደር ተማሪ እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀንን ያሰብነው በድራማ ሳይሆን በጥያቄና መልስ ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ሳትሸፋፍን አስረዳች። ስለ ኮንዶም አጠቃቀም፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ አባላዘር በሽታዎች። አንዱን ነገር እዚህም ልድገመው። የተደፈረች ልጅ፣ ወይም በሌላ መንገድ ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ የሚከላከል መድኃኒት አለ። በፈጠነ መጠን ይሻላል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። እባካችሁ ለእህቶቻችሁም ለወንድሞቻችሁም ንገሩ።

አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው ነበር። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ለልጅ መንገር መንገድ ማሳየት አይሆንም?» አሉኝ። ሥጋታቸው የእናት ሥጋት ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለው ትምህርት ልጆችን ቶሎ ወደ ግንኙነት እንደማይገፋ ማሳየታቸውን ነገርኳቸው። የኬንያውን ጥናትም ጨመርኩ። በምዕራብ ኬንያ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በእድሜ የገፋ ወንድ ከእኩያ ይልቅ በቫይረሱ የመያዝ እድሉ ሰፊ መሆኑን በቁጥር ተነገራቸው። ሹገር ዳዲ የምንለውን ማለት ነው። ትምህርቱ የአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ልጃገረዶች ላይ እርግዝና በ28 ከመቶ ቀነሰ። «እንግዲያውስ እኔም ልስማ» ብለው በሚቀጥለው ረቡዕ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። እሳቸውም ጠየቁ፤ ስለ ጠበል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ መናገራቸውን ስነግራቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለጎረቤቴ የምነግራት አገኘሁ» አሉ።

ሌሎች ሥራዎቻችንን ባጭሩ ላንሣ። ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ተከፍቷል፤ የእጅ መታጠቢያው ተጠግኗል። በጸጥታው ምክንያት ትምህርት በተቆራረጠ ጊዜ ግን ክበቡም ተቋርጧል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1996 የትምህርት ሥርዓቷን ስትቀይር ብዙ ወጣቶች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመቆየት ዕድል አገኙ። በኋላ ሲጠና እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት በኤች አይ ቪ የመያዝን ዕድል በ8 መቶኛ ነጥብ ገደማ ቀንሷል። ለሴቶቹ ጥቅሙ የበለጠ ነው። ወላጆች፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ ልጆቻችሁን ላኩልን።

በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ተማሪዎቹ «አሁን መድኃኒቱ ይቋረጣል?» ብለው ተጨነቁ። በአገራችን በኤች አይ ቪ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ባለሙያዎች የሥራ ውላቸው ተቋርጧል። ይህ እኔንም አስጨንቆኛል። አፍሪካዊት ወጣት በገላዋ የፈተነችው መድኃኒት በገንዘብ ምክንያት ለሷ ሳይደርስ መቅረት የለበትም። ሐምሌ 7 የዓለም ጤና ድርጅት ሌናካፓቪር ለመከላከያነት እንዲሰጥ መክሯል። በመጪው ዓመት መርፌው ለማን፣ መቼ፣ በምን ዋጋ እንደሚደርስ እንከታተላለን።

የጥያቄ ሣጥኑ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ነው፤ በክረምትም አይነሣም። አዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት መመዝገብ ትችላላችሁ። ሴት ተማሪዎች ለብቻቸው የሚጠይቁበት ሰዓት በነርሷ ፈቃድ ይጨመራል። ወላጆችም ረቡዕ ከሰዓት በራችን ክፍት ነው።