ለድንገተኛ ክፍሏ ሲስተርና ለፋርማሲስቱ፦ እናቴ ቤቷ ገብታለች

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ፍልሰታ እናቴን ይዤ ለመጣሁበት ድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች ነው። ሳላስፈቅድ ስማችሁን መጥራት አልፈለግኩም። እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ። «ውሃ፣ ውሃ» ስትል የነበረችው የስኳር ታማሚ እናት ልጅ ነኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ስንደርስ እናቴ በቅጡ አታውቀኝም ነበር። ትንፋሿ ፈጥኗል፣ ያስመልሳታል። የስኳር መለኪያው ቁጥር ማሳየት ትቶ «ሃይ» አለ። «ከ600 በላይ ነው» አለችኝ ሲስተር፤ እያወራችኝም እጇ ደም ሥር ይፈልጋል።

ከዚያ ሲስተርን ሳያት ዋልኩ። በአንድ በኩል የመኪና አደጋ የደረሰበት ልጅ አለ፣ በሌላ በኩል አስም የተነሳባት ሴት። ሲስተር የእናቴን ጣት በየሰዓቱ ወግታ ትለካለች፣ ቻርት ላይ ትጽፋለች፣ ላብራቶሪ ትደውላለች፣ የጎደለ መድኃኒት ልታመጣ ትሮጣለች፣ ፈሳሹ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች፣ መሐል ላይ ደግሞ የጨነቀው አስታማሚ ሁሉ እሷን ነው የሚጠራው።

እኔም ጮህኩባት። ስኳሯ ይህን ያህል ወጥቶ ኢንሱሊን የማይሰጣት ለምንድነው ብዬ። ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ቀን በደንብ አልነገርኩሽም።

ያረጋጋኝ ፋርማሲስቱ ነው። ለእኔ ፋርማሲስት ማለት በመስኮት መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ነበር። አልጋ አጠገብ ቆሞ ከሐኪሙና ከሲስተር ጋር ሲመካከር ሳይ ገረመኝ። ወደ ጎን ወስዶ አስረዳኝ። ፖታሲየም ልብ በደንብ እንዲመታ የሚያስፈልግ ደም ውስጥ ያለ ማዕድን ነው፤ የእናቴ 3.1 ነው፣ ዝቅ ብሏል። ኢንሱሊን ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ወደ ሴል ስለሚያስገባው ይብስ ይወርዳል፣ ልቧን ሊረብሽ ይችላል። ስለዚህ ይህን ያህል ዝቅ ካለ መጀመሪያ ፖታሲየሙ ይሞላል፣ ኢንሱሊኑ ትንሽ ይቆያል። በቃ፣ ገባኝ።

ፖታሲየም ሳይቀጥን በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል አሉ። ለዚህ ነው መሰለኝ ሲስተርና ፋርማሲስቱ ሁለቱም የፖታሲየሙን ብልቃጥ ይዘው ጽሑፉን ያነበቡት፣ መጠኑንም ለየብቻ አስልተው ያመሳከሩት። ያቺ ደቂቃ ከዓይኔ አትጠፋም።

እሱ ከመጣ በኋላ ሲስተር ወደ መድኃኒት ክፍል መሮጧን ቀነሰች። የሚያስፈልገውን እሱ አስመጣ፣ ስሌቱን አብሯት ሠራ፣ የአስታማሚውን ጥያቄ ተቀበለ። እሷ እናቴ ጋ ተመለሰች። ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ስታረጥብላት አየሁ። ጠዋት ለዚህ ጊዜ አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ አምጣልኝ» ብሎ ወንድሜን ላከው። ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፈና አንድ በአንድ አየ። በሁለት ስም የተጻፈ አንድ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ነበር፤ እናቴ ሁለቱንም ስትውጥ ከርማለች። ኢንሱሊኑንስ? እየጾምኩ እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ ልወጋ ወይ ብላ፣ ለማንም ሳትነግር ትታዋለች። እኔ ልጇ አላወቅኩም። እሱ አልተቆጣትም። «እማማ፣ መጾም ሲፈልጉ መጀመሪያ እኛ ጋ ይምጡ፣ መርፌውን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ» አላት። የተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ፣ ደፍራሹን ኢንሱሊን ከመቅዳቷ በፊት ሳትንጥ በመዳፏ እንድታሽከረክረው፣ የምትወጋበትን ቦታ እንድትቀያይር አሳያት። ሲስተርም መርፌውን አስይዛ እናቴን ራሷን አስወጋቻት።

አንድ ነገር ልለምን። ይህን የሆስፒታል ኃላፊ ካነበበው፣ በሌሊቱ ተረኛም ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ማለትም እንደ እሱ አልጋ አጠገብ ከሐኪምና ከሲስተር ጋር የሚሠራ ፋርማሲስት፣ ይኑር። ሲስተሯ ሌሊት ብቻዋን ናት።

እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈላችሁ። የእናቴ ስኳር ዛሬ ጠዋት 138 ነበር። ራሷ ለክታ ራሷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። «ለሲስተሯ ንገሯት» ብላለች።