ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ዋስትናው ፊርማ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የልብዎ ሕክምና ተስማምቶዎት ደረጃ ሲወጡ የነበረው የትንፋሽ ማጠር ከቀነሰልዎ ሌላ የምለምነው የለኝም። እማማን ሳሙልኝ። እኔና መንታዎቹ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ የልጆቹን ወሬ አውርቼ ዘግቻለሁ። አሁንም ከልጆቹ ልጀምር። ወንዱ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ካላደረገ ከቤት አይወጣም፤ ግንባሩ ቁርጥ የእርስዎ ነው። ሴቷ ደግሞ አባቷ ስልክ ውስጥ የሚኖር ይመስላታል። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ እያወራን ሳለ ባትሪው አልቆ ስክሪኑ ሲጠቁር፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ዝም በሉ፣ አባዬ ተኛ» አለችን። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። በአካል ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ጡት አልጣሉም ነበር።

ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ለማስመጣት የሚጠየቀው ገቢ እንዳልሞላልኝ ያውቃሉ፤ ምን ያህል እንደጎደለኝ ግን በትክክል ነግሬዎት አላውቅም። መንግሥት በየዓመቱ የድህነት ወለል ብሎ የሚያወጣው ቁጥር አለ፤ አስመጪው የዚያን አንድ መቶ ሃያ አምስት በመቶ ማሳየት አለበት። በ2025 መለኪያ እኔና እሱ ብቻ ብንሆን ኖሮ 26,437 ዶላር ይበቃን ነበር፤ መንታዎቹ እያንዳንዳቸው 6,875 ዶላር ስለጨመሩበት ለአራት ሰው 40,187 ደርሷል። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል እንጂ ቅጹ ላይ ዕድል የሚባል መስመር የለም። የነርስነት ትምህርቱን ስጀምር ሥራዬን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ስላወረድሁት የእኔ የዓመት ገቢ 31,460 ሆኗል። ጎዶሎውን በጥሪት መሙላት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ከሃያ ስድስት ሺህ ዶላር በላይ ማሳየት ያስፈልጋል፣ እኔ ባንክ ያለኝ ስድስት ሺህ አይሞላም። የባለቤቴ የመምህርነት ደመወዝም እዚህ ከመጣ በኋላ ከዚያው ምንጭ ስለማይቀጥል አይቆጠርም።

ይህን የሰሙት ከሆስፒታል በወጡ በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ ገና ሳልጨርስ «እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ። ፈራሚው ለመጣው ሰው መተዳደሪያ ዋስ የመሆን ግዴታው የሚወርድለት ያ ሰው ዜግነት ሲያገኝ ወይም አርባ ሩብ ዓመት ሠርቶ ሲሞላ እንደሆነ፣ ባልና ሚስት ቢፋቱ እንኳ እንደማይወርድለት ስነግርዎ «አርባ ሩብ ስንት ዓመት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አሥር አልሁ። «አሥር ዓመት» ብለው ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልሁ። ሁለታችንም ምን እያሰብን እንደነበር እናውቃለን፤ እዚህም አልጽፈውም።

አባባ፣ ፊርማዎ አይበቃም። የላኩልኝን ቡናማ ፖስታ ከፍቼ ሁሉንም ደምሬ አይቻለሁ። ጡረታዎ በወር 1,386 ዶላር ነው፤ የእማማ ሲጨመርበት በዓመት ሃያ አራት ሺህ አይሞላም። እርስዎ፣ እማማና ባለቤቴ ሦስት ሰው ተብላችሁ በዚያው በ2025 መለኪያ የምትጠየቁት ደግሞ 33,312 ነው። «ያንቺና የእኔ ቢደመር ይተርፋል» ያሉኝ በቁጥር ትክክል ነው፤ ሕጉ ግን ተጨማሪ ዋስ የሚሆነው ሰው ለብቻው እንዲሞላ ነው የሚፈልገው። ገቢያችን ሊደመር የሚችለው በእውነት አንድ ቤት የምንኖር ብንሆን ነበር። መኖሪያዎን በእኔ አድራሻ እናስመዝግብ ያሉትን ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዳልሰማሁት ቆጥሬዋለሁ። በሐሰት የተሞላ ቅጽ የባለቤቴን ጉዳይ ለዘለቄታው ሊያበላሸው ይችላል። በእውነት መጥተው ቢኖሩ ግን አንድ ክፍል እለቅልዎ ነበር፤ ያን ያህል ዓመት አንድ ቤት አብረን ኖረን ስለማናውቅ እንዴት እንደምንሆን ባላውቅም።

የደሴው ቤትም አይሆንም። በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ብዙ ችግር ተሸጦ ገንዘቡ ከአገር መውጣት የሚችል ንብረት ካልሆነ አይቀበሉትም፤ የብር ነገር ደግሞ የታወቀ ነው።

የጠየቅሁዎት የሦስት ዓመት ታክስ ነበር፤ እርስዎ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ላኩልኝ። ሳያዩ የላኩት ይሁን አይተው የላኩት አላወቅሁም። ጡረታዎ ለምን እንዳነሰ የገባኝ እሱን ሳገላብጥ ነው። የጡረታው ሒሳብ የሚሠራው ከሠላሳ አምስት ዓመት ገቢ ነው፤ የእርስዎ ሃያ አራት ዓመት ብቻ ስለሆነ አሥራ አንዱ ዓመት በዜሮ ተይዟል። ከሃያ አራቱም የታክሲዎቹ ዓመታት የተመዘገቡት የታክሲው ኪራይ፣ ቤንዚኑ፣ ጥገናው፣ ሌላውም ሌላውም ወጪ እየተባለ ተቀንሶ የቀረችው ናት። የ2003 ታክስዎ 14,212 ዶላር ይላል። ያን ዓመት በቀን አሥራ አራት ሰዓት ይነዱ እንደነበር እማማ ትናገራለች። ታክስ የሚሠሩልዎት ሰው የዚያን ቀን የጠቀሙዎት መስሏቸው ይሆናል፤ ያ ወረቀት ግን መጀመሪያ እኛን፣ አሁን ደግሞ እርስዎን ራስዎን ሲቀጣ ኖሯል።

በኅዳር 1997 ዓ.ም. ለቃለ መጠይቅ ስንቀርብ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆች 2004 መሆኑ ነው፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀው 23,562 ዶላር ነበር፤ ይህን አሁን ነው ያወቅሁት። እማማ ቪዛው እንደሚሰጠን እርግጠኛ ስለነበረች ከደሴ ከመነሳታችን በፊት አልጋውንም ቡፌውንም ሸጣ፣ የተከራየነውን ቤት አስረክባ፣ እኔንም ከአራተኛ ክፍል መልቀቂያ አስወጥታኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል የሰጧትን ወረቀት እንዳነብላት አቀበለችኝ። ከሁሉ ለይቼ ያወቅሁት «ስፖንሰር» የሚለውን ቃል ብቻ ስለሆነ ሌላው አልገባኝም አልኋት። አራት ቦታ አጥፋ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ስንመለስ እስከ ደብረ ብርሃን አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ አውቶቡሱ የጣርማበርን ዋሻ ሲገባ ግን በጨለማው ውስጥ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት። ወደ ብርሃን ስንወጣ ፊቷ ደርቆ ነበር፤ ለወንድሜ ብርቱካን እየላጠችለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል እቴቴ ቤት አንድ ፍራሽ ላይ ሦስታችን ተኛን። ትምህርት ቤቱ መልሶ ሲቀበለኝ ዓመቱ ስላለፈ ከታናናሾቼ ጋር አራተኛ ክፍልን እንደገና ተማርሁ፤ ልጆቹ «አሜሪካዋ» ይሉኝ ነበር። እርስዎ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጎረቤት ቤት እየደወሉ «ሰው ጠይቄ ነበር፤ ፊቱን አዞረብኝ» አሉን። ማን እንደሆነም ነገሩን። ሻምበል። እማማ ስማቸው ሲነሳ ታማትብ ነበር። እኔም የሻምበልን መልክ ሳላውቅ ጠልቻቸው አደግሁ።

እስካሁን ልነግርዎ የፈራሁት ይህን ነው፦ ዋስ እንዲሆኑኝ ሻምበልን ጠየቅኋቸው።

በእልህ አይደለም። ያለኝን ሰው ሁሉ በልቤ ቆጥሬአለሁ። ገቢው የሚሞላው ሰው ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ልጆቹ ጥቂት የሆኑት ደግሞ እንደ እርስዎ ታክሲ ነጂዎች ስለሆኑ ወረቀታቸው አነስተኛ ነው። ሻምበል ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ እንደሚኖሩና በአንድ ሆቴል በጥገና ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ እንደሠሩ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሰማሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ደጃቸው ከደረስሁ በኋላ መኪናው ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ ነው እርስዎን በጥቂቱ የተረዳሁዎት። ሰው ፊት ቆሞ «አሥር ዓመት ዋስ ሁነኝ» ማለት እንደ ብድር አይደለም፤ ብድር እንኳ የሚከፈልበት ቀን አለው። ባለቤታቸው በመጋረጃው ቀዳዳ አይተውኝ ኖሮ ወጥተው መስኮቱን አንኳኩና «ቡናው ቶና ደርሷል፣ ግቢ እንጂ» አሉኝ።

የማን ልጅ እንደሆንሁ ስነግራቸው ሻምበል ስኒያቸውን አስቀመጡ። ምን እንደሚጠየቁ፣ ግዴታው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ልጆቻቸውን ማማከር እንዳለባቸው ሁሉንም አስረዳኋቸው። «ይሄን ቅጽ እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ተነሱ፤ የጠረጴዛውን ላስቲክ በእጃቸው ጠረጉ፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ፣ ከዚያ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ሕፃን ልጅ ለይተው በትልልቁ ጻፉ። የባለቤቴን ስም ሲጽፉ አንድ ፊደል ተሳሳቱና በዚያች ስሕተት ጉዳዩ እንዳይመለስ ብለው ቅጹን ከመጀመሪያው አዲስ አደረጉት። እሳቸው፣ ባለቤታቸውና የእኔ ባለቤት ሦስት ሰው ናቸው፤ ደመወዛቸው ከሚጠየቀው እጅግ ይበልጣል።

ሲጨርሱ ለምን ያኔ እምቢ እንዳሉ ጠየቅኋቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም። «እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት?» አሉ። «ፈርሜ ልላክልህ ብዬ ሁለት ጊዜ ደወልሁለት። ቤተሰቤ በሰው ስም አይገባም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኬን ማንሳት ተወ።» አላመንኋቸውም ልልዎ ነበር አባባ። ግን አመንኋቸው፤ «በሰው ስም አይገባም» የሚለው አነጋገር የእርስዎ ነውና።

ሁለት ዓመት ረጅም ነው። የጣርማበሩ ዋሻ፣ እንደገና የተማርሁት አራተኛ ክፍል፣ የእማማ ማማተብ በአንድ ፊርማ ይቀሩ ነበር። ሲያትል የተወለደው ታናሼ «አንተ» ሲልዎ እሰማለሁ፤ እኔ ከአውሮፕላን ወርጄ ሳገኝዎ አሥራ ሁለት ዓመቴ ስለነበር እንደ እንግዳ «እርስዎ» አልሁ፣ እንደዚያው ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አይደለም፤ እማማ ግን እውነቱን ማወቅ ይገባት ይመስለኛል፤ የሚነግሯትም እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከዚያው ፖስታ ውስጥ የ2005 ታክስዎንም አግኝቻለሁ። ከታክሲው ሌላ የሌሊት የመኪና ማቆሚያ ቤት ሥራ ተጨምሮበት 25,612 ዶላር ይላል። በ2006 ለአራት ሰው የሚጠየቀው ልክ 25,000 ነበር። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ተርፎዎት ነበር አባባ። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። በራስዎ ስም አስገቡን፤ በስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሆነ ልጠይቅዎ አልደፍርም። አመሰግናለሁ።

ቅጾቹ ከእነ ማስረጃቸው ገብተዋል፤ የቃለ መጠይቁን ቀጠሮ እየጠበቅን ነው። የሕክምና ምርመራው ጊዜ ስለሚያልፍበት ባለቤቴ ቀጠሮው እስኪታወቅ አይቸኩልም። ለእርስዎ የምለምንዎ ደሙን የሚያቀጥነውን መድኃኒት በጾሙ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ ነው፤ ሐኪሙም ካህኑም ከእኔ ጋር ናቸው። የ2024 ታክስ ዋናውን ቅጂ መልሼ በፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ ሌላውን ግን ከፈቀዱልኝ እኔ ዘንድ ላቆየው።

ሻምበል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእናንተ ሰዓት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ሊደውሉልዎ ነው። ቁጥሩን ከእኔ ወስደዋል። ስልክዎ ላይ ስም ስለማይወጣ እንዳያልፉት፤ በ703 ይጀምራል። እባክዎ ያንሱላቸው።

ልጅዎ